የዘይቱን እጀታ

ጎረቤቴን ሰፈሩ ሁሉ «ሚዛን» ይላታል። ስሙን ያወጣሁላት እኔ ነኝ፣ አልክድም። የመዶሻና የመጥረቢያ እጀታ ትሠራለች፤ ያውም ከዘይቱን ግንድ። ፍሬውን የማይበላ የለም፤ እንጨቱን ግን ጠማማ ነው ብሎ ሰው ንቆታል። እሷ ግን «ጠንካራ ነው፣ ምት ይችላል፣ ጠባዩ ነው ክፉ» ትላለች። ክፋቱ ሲደርቅ ነው፤ ከሌላው እንጨት ይበልጥ ይኮማተራል። ስለዚህ የጠረበችውን ሁሉ በየሳምንቱ እየመዘነች ክብደቱን ጫፉ ላይ በእርሳስ ትጽፋለች። ቁጥሩ መውረዱን እስኪያቆም ድረስ እንጨቱ ውስጥ ያለው ውኃ አላለቀም ማለት ነው። ያልደረቀውን አባቷ ከመቃብር ተነስተው ቢለምኗትም አትሰጥም።

ባለፈው ሐሙስ ረፋድ ላይ ከወፍጮ ቤት ስትመለስ መደርደሪያው ላይ አንድ ቦታ ባዶ ሆኖ አገኘችው።

«ወንድምሽ ጠዋት መጥቶ ነበር» አልኳት። «የመዶሻው እጀታ ተሰብሮበት አንዱን ይዞ ሄደ።»

«ከየትኛው ረድፍ?»

«ከታችኛው።»

ፊቷ አመድ መሰለ። የታችኛው ረድፍ ከተጠረበ ገና ሦስት ሳምንቱ ነው። ታናሽ ወንድሟ የሚሠራው ድንጋይ የሚፈለጥበት ካባ ውስጥ ነው፤ እሱ ትልቁን መዶሻ ሲያነሳ መሮውን ተንበርክካ የምትይዝለት ሚስቱ ናት። እጀታው ፀሐይ መትቶት ከተኮማተረ፣ የመዶሻው ራስ ወልቆ የሚያርፈው እሷ ላይ ነው።

ጎረቤቴ የወፍጮ ዱቄቷን ደጃፍ ላይ ጥላ ሮጠች። እኔም ተከተልኳት፤ ይዞት ሲወጣ እያየሁ ዝም ያልኩት እኔ ነኝና። በዚህ ጉልበቴ እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም። መንገዱን ሁሉ ጩኸት ይሰማ እንደሆን ጆሮዬን ጥዬ ነበር።

ስንደርስ እየመታ ነው።

«አቁም» አለችው። «እጀታው አልደረቀም።»

«ቅድም ላልቶብኝ ነበር እትዬ። ባልዲ ውስጥ ነከርኩት፣ ይኸው ጥርቅም አለ።»

«ውኃው ሲወጣ ከቅድሙ ብሶ ይላላል። ቁጥሩን እየው፤ ገና እየወረደ ነው።»

«አንቺ ደግሞ፣ ጉርሻም ሳትመዝኚ አትውጪም» ብሎ ሳቀ። ሠራተኞቹም ሳቁ። «ይቺን ድንጋይ ልጨርስና ነገ ትቀይሪልኛለሽ።»

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፣ ወንድሜ።»

አልሰማትም። እሷም የሚስቱን ክንድ ይዛ አስነሳቻትና በቦታዋ ተንበረከከች። መሮውን ጨብጣ ድንጋዩ ላይ አቆመችው።

«በል ምታ» አለችው።

መዶሻውን አነሳ። የእህቱን አናት አየ፤ ቆይቶ መዶሻውን ቀስ ብሎ ድንጋዩ ላይ አስቀመጠው። «ላንቺ ብዬ ነው እንጂ ምንም አይሆንም ነበር» እያለ አጉረመረመ።

መዶሻው እዚያው ፀሐይ ላይ ዋለ። ከቀትር በኋላ ሚስቱ ወደ ጥላ ልትወስደው እጀታውን ይዛ አነሳች። እጀታው ብቻውን ተነሳ። ብረቱ ድንጋዩ ላይ እንደተቀመጠ ቀረ።

የሳቀ ሰው አልነበረም። ሚስቱ ባዶውን እጀታ እንደያዘች ወደ ባሏ ዞረች።

«ከነገ ጀምሮ» አለችው፣ «መሮውን አንተ ያዝ፤ የምመታው እኔ ነኝ።»