የጎንደር አዳር

አብራሪ ረጋ ያለ ሰው መሆን አለበት ይባላል። እኔ አየር ላይ እረጋለሁ፤ መሬት ስወርድ ነው ነገር የሚያንገበግበኝ። ስለዚህ ይህን ሳወራ ድምፄ ከፍ ቢል አትፍረዱብኝ። ጎረቤቶቼም ለምደውታል፤ ብቻውን የሚኖር ሰው ከግድግዳ ጋር ሲሟገት ማንም አይደነግጥም።

እሠራበት የነበረው አየር መንገድ ትንሽ ነበር። ባለ ፕሮፔለር አውሮፕላኖች፣ በቁልምጫ የምንጠራራ አብራሪዎች፣ አንድ የሻይ ክፍል። እኔ ካፒቴን ነበርኩ፤ በግራው ወንበር የምቀመጥ ማለት ነው። በሳምንት ሁለቴ አመሻሽ ላይ አዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ አርፎ፣ ጎንደር አድሮ፣ ጠዋት አዲስ አበባ የሚመለሰው በረራ የኔ ነበር። ሌሎቹ ሆቴል ሲገቡ እኔ ባጃጅ እይዝና አባቴ ቤት እሄዳለሁ።

አባቴ መሪጌታ ነው። ዕድሜውን ሙሉ በአንድ ደብር ማኅሌት ሲመራና ዜማ ሲያስተምር ኖሯል፤ ከከተማው ካህናት ግማሹ “የኔታ” ይለዋል። እናቴ ካረፈች ወዲህ ብቻውን ነው። በእነዚያ አዳሮች ይህን አደረግን የሚባል ነገር የለም። እራት እንበላለን። ፀጉርህ ረዘመ፣ አላገባህም፣ ጾሙንም እንጃልህ እያለ ይቆጣኛል። እኔም እመልስለታለሁ። ከዚያ መብራት ያጠፋና በየአልጋችን ሆነን እንቅልፍ እስኪወስደን እናወራለን። መንገዱ እንደልብ በማይሆንበት በዚህ ዘመን፣ ያ በረራ ባይኖር አባቴን የማየው በዓመት አንዴ ቢሆን ነው። ለኔ ደመወዜ ያ አዳር ነበር።

ታዲያ ድርጅታችን ከሌላ፣ ከእኛ ከሚበልጥ ድርጅት ጋር ተዋሃደ።

በእኛ ሙያ ቀድሞ የተቀጠረ ይቀድማል። ማን ካፒቴን እንደሚሆን፣ ማን የፈለገውን በረራ እንደሚመርጥ፣ ማን በበዓል እንደሚያርፍ የሚወሰነው በቅጥር ተራ ነው። እንግዲህ ሁለት ተራ አንድ ሲሆን ማን ከማን ይቅደም? እኛ “በተቀጠርንበት ቀን ይቆጠርልን” አልን። እነሱ “እዚህ የገባችሁት ድርጅቶቹ በተዋሃዱበት ቀን ነው” አሉ። በአጭሩ፣ በሠርጉ ዕለት የተወለዳችሁ ናችሁ አሉን! ስብሰባ በስብሰባ ሆንን። ሻይ ክፍሉ ለሁለት ተከፈለ፤ እነሱ በመስኮቱ በኩል፣ እኛ በሩ ጋ። ስንት ጊዜ ማዕበል ውስጥ ገብተን አብረን የወጣን ሰዎች ሰላምታችን በአገጭ ሆነ።

በመጨረሻ እነሱ ረቱ። እኛ ሁላችንም ከተራው ጅራት እንድንገባ ተወሰነ። ብቻ፣ ጨርሶ ዋጧቸው እንዳይባል፣ አንድ የካፒቴን ቦታ ከነጎንደር አዳሩ ከእኛ ለአንዱ እንዲቀር ተስማሙ። የበረራ ኃላፊው፣ የዚያኛው ድርጅት ሰው፣ ሰበሰበንና በሁሉም ፊት ወደኔ ዞረ።

“ካፒቴን፣ ከእናንተ መሀል አንጋፋው እርስዎ ነዎት። ቦታውን እርስዎ ይውሰዱት” አለ።

ልቤ ዘለለች። አፌ ግን ምን አለ? “ኧረ በፍጹም! እኔማ ምን ቸገረኝ፣ ለሌሎቹ ይሁን” አለ።

እኔ ያደግሁበት ቤት መጀመሪያ የተሰጠውን የሚቀበል ሰው የለም። ብላ ሲሉህ “በልቻለሁ” ትላለህ፤ ሆድህ እየጮኸ። “አፈር ስሆን” ይሉሃል። “ኧረ ይቅርብኝ” ትላለህ። “በሞቴ” ብለው ክንድህን ሲይዙህ፣ በሦስተኛው፣ ተገድደህ እንደሆነ ሁሉ እጅህን ትታጠባለህ። በመጀመሪያው ጥሪ ማዕድ ላይ የሚከመር ሰው ወላጆቹን ያሰድባል። እኔም “ኧረ በፍጹም” ብዬ ወንበሬ ላይ ደገፍ አልኩና እስክለመን ጠበቅሁ።

“በጣም እናመሰግናለን፤ ትልቅነት ነው” አለ ኃላፊው። ወዲያው ከአጠገቤ ወደተቀመጠው ዞረ። እሱ የቅርብ ጓደኛዬ ነበር፤ ካፒቴንነቱን ከኔ በኋላ ያገኘ። “እርስዎስ?” ሲለው “እሺ” አለ። እሺ! ጉሮሮውን እንኳ አልጠረገም። ተጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ፣ ምን ላድርግ።

በማግስቱ ኃላፊው ቢሮ ሄድኩ።

“እምቢ ብለዋል እኮ፣ ሁሉም ሰምቷል” አለኝ።

“አንዴ ብቻ ነው እኮ የጠየቁኝ” አልኩት።

ግራ ገብቶት አየኝ። “ስንት ጊዜ መጠየቅ ነበረብኝ?”

ይሄን ምን ብለህ ታስረዳዋለህ? ተነሥቼ ወጣሁ።

ወደ ቀኙ ወንበር፣ ወደ ረዳት አብራሪነት ወረድኩ። ጎንደር አሁንም እመጣለሁ፤ ግን በቀን፣ አርፎ ወዲያው በሚመለሰው በረራ። ጣናን እናልፋለን፣ የኮላ ድባ ሜዳ ከታች ይዘረጋል፣ ከዚያ አዘዞ። ተሳፋሪ ወርዶ ተሳፋሪ እስኪገባ በክንፉ ጥላ ሥር ቆሜ አባቴ ጋ እደውላለሁ።

“ሰማሁህ፤ ባናቴ ላይ ነው ያለፍከው” ይለኛል።

“ልመለስ ነው፣ አባባ።”

“ምነው ልጄ? ምነው?”

ሁልጊዜ እንደ አዲስ ነው የሚጠይቀኝ። የሆነውን አንድም ሳልደብቅ ነግሬዋለሁ። ቀኝ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ ስለው “በማኅሌትማ የሚበልጠው ቀኝ ነው፤ ታዲያ ከፍ አልክ እንጂ የት ዝቅ አልክ?” ብሎ ሳቀብኝ። አንዴ ብቻ ተለምኜ መቅረቴን ስነግረው ግን ሳቁን ተወና “ደግ አደረግህ፤ እሽቅድምድም ሸጋ አይደለም” አለኝ። ተናደድኩ። “ይሄ ‘ሸጋ አይደለም’ ማለትህ ነው እንግዲህ እራትህን ብቻህን የሚያስበላህ!” ብዬ ስልኩን ዘጋሁበት።

ጓደኛዬ መደወል ተወ። አፍሮ ይሁን ረስቶኝ አላውቅም። እኔም አልደወልኩም። በጎንደሩ አዳር ቀን አዲስ አበባ ቤቴ ተቀምጬ ሰዓቱን አያለሁ፤ አሁን አረፉ፣ አሁን ሆቴል ገቡ እላለሁ። የአባቴ ቤት ከዚያ ሆቴል በእግር ይደረሳል። እንዴት እንደሚያቃጥል!

በዚያው ዓመት የአባቴ ቤተ ክርስቲያን አርጅቶ ስለነበር እንደ አዲስ ሊሠራ ፈረሰ። ሥራው እስኪያልቅ ታቦቱ አጠገብ ወዳለው ደብር ገባ፤ ካህናቱም ተከትለው ሄዱ። የሁለቱ ደብር ሰዎች አንድ ላይ ማኅሌት ይቆማሉ። “እንዴት ነው ታዲያ?” ስለው “ይቆማል” ይለኛል በስልክ፤ ሌላ ምንም አይጨምርም።

ለዓመት በዓሉ ለምኜ ለምኜ አጭር ፈቃድ አገኘሁ። ከጅራት ያለ ሰው የተረፈውን ነው የሚያገኘው፤ በበዓሉ ማግስት ጠዋት ሥራ መግባት ነበረብኝ። ተሳፋሪ ሆኜ መጣሁ። አባቴ ከስቷል። ሌሊቱን እሱ ቀድሞኝ ሄደ፤ እኔ ጎህ ሲቀድ ነጠላዬን አጣፍቼ ደረስኩ።

በማኅሌት ሰው የሚቆመው በማዕረግ ነው፤ መሪው ከላይ፣ ከዚያ እንደየትምህርቱና እንደየዕድሜው እስከ በሩ። ዓይኔን ወደ ላይ ሰደድኩ። አንድ ወጣት መሪጌታ ይመራል። አባቴ የለም። ከሥሩም የለም። ዓይኔ እየወረደ እየወረደ በሩ ጋ ደረሰ። ገና ዜማ ከጀመሩ ዲያቆናት ቀጥሎ፣ ከሁሉም በታች፣ መቋሚያውን ተደግፎ ቆሟል። የሌሎቹን ድምፅ እንዳይሸፍን የፈራ ይመስል ቀስ ብሎ ነበር የሚያዜመው።

ትንሽ ዕረፍት ሲሆን ተጠጋሁት። “አባባ፣ ምነው እዚህ?”

“እንግዳ አይደለሁ እንዴ?”

“ወደ ላይ ይለፉ አላሉህም?”

“ኧረ ብለውኛል። መጀመሪያ የመጣን ዕለት መሪጌታው ራሱ ወርዶ ‘ወደ ላይ ይለፉ የኔታ’ አለኝ።”

“አንተስ?”

“‘ኧረ እዚሁ ይበቃኛል’ አልኩት።”

“ከዚያስ?”

ጸናጽሉን በጣቱ ነካካ። “ከዚያማ… ‘እሺ’ ብሎ ተመለሰ።”

ልስቅ ወይስ ላልቅስ? ይህ ሁሉ ወር! አባቴ በሩ ሥር ብርድ እየመታው ሁለተኛውን ልመና ሲጠብቅ ነው የከረመው። ያንን መጠበቅ ከኔ በላይ የሚያውቀው የለም።

ቀጥ ብዬ ወጣቱ መሪጌታ ጋ ሄድኩ። ለጠብ ተዘጋጅቼ ነበር። ማን መሆኔን ስነግረው ግን ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣኝ።

“የኔታን እኮ ለምኛቸው እምቢ አሉኝ። እንደሳቸው ያለ ሰው ‘ይበቃኛል’ ሲል በምን አፌ ልድገመው? ፈርቼ ነው” አለኝ።

“ይድገሙት መሪጌታ። ሦስተኛም ይበሉ። ከዚያ ይጎትቱት።”

ፊቱ ፈካ። አንድ ሰው አስከትሎ ወረደ። “የኔታ፣ ወደ ላይ!” “ኧረ በፍጹም!” “አፈር ስሆን!” “ኧረ ተው ልጄ፣ እዚሁ ሸጋ ነው።” “በእመቤቴ!” ግራና ቀኝ ክንዱን ያዙት። አባቴ ታገለ፤ ሕፃን የሚያሸንፈው ዓይነት ትግል። ከላይ ሲያደርሱት ነጠላውን አስተካከለ፣ ወደ ኋላው አልዞረም። ከዚያ ድምፁን ለቀቀው። ያ የማውቀው ድምፅ፣ እናቴ በነበረችበት ጊዜ እቤታችን ድረስ የሚሰማው።

እኔ እሱ በለቀቀው ቦታ፣ በሩ ሥር ቆሜ ቀረሁ። ንፋሱ ከጀርባ ይመታል። ደስ ብሎኝ ነበር፤ ብቸኝነቱ ግን የዚያኑ ያህል ነበር።

በዓሉ አልቆ፣ ምሳ በልተን፣ ቦርሳዬን አነሣሁ። የከሰዓቱ አውሮፕላን ቢያመልጠኝ ጠዋት ሥራዬ ላይ አልገኝም። አባቴ በር ላይ ቆመ። ፊቱ ላይ ገና ያ ደስታ አለ።

“እደርና ጠዋት ትሄዳለህ” አለኝ።

“አልችልም፣ አባባ።”

“አፈር ስሆን።”

“ሥራ አለብኝ።”

“በሞቴ” አለና ክንዴን ያዘኝ።

“አይሆንም፣ አባባ” አልኩት።

ክንዴን አልለቀቀም። ፈገግ እንዳለ፣ እሺ እስክል ይጠብቀኛል።