ለወንድሜ የተቋጠረችው ቆሎ

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም፤ የተማርኩትም እስከ አራተኛ ክፍል ብቻ ነው። አያቴ ማታ ማታ ቆሎ ስንበላ አንድ ጭብጥ ከጋቢያቸው ጫፍ ይቋጥሩና፣ «ይቺ የተማሪዬ ድርሻ ናት፤ እንዳትነኳት!» ይሉን ነበር።

አዲስ አበባ የሚማረው ወንድሜ ዘንድሮ ለክረምት ጋይንት አልመጣም። የጥንት ሰዎችን መቃብር ከሚያጠኑ ምሁራን ጋር ሊቆፍር ባሕር ማዶ ሄደ። አያቴ ይህን ሲሰሙ፣ «የማያውቀውን ሰው መቃብር ሲቆፍር የእኔን ማን ሊቆፍር ነው?» ብለው ሳቁ።

በነሐሴ ዝናብ አረፉ። ወንድሜን እንጠብቀው ብዬ ለመንኩ፤ ጎረቤቶቻችን ግን ሬሳ አያድርም ብለው ያኑ ዕለት ቀበሯቸው። መደባቸው ባዶ ነው፤ ቆሎዋ እንደተቋጠረች አለች። ወንድሜ ሲመጣ ምን እለዋለሁ? ለእኔ የተናገሩት የመጨረሻ ቃል ይህ ነበር፦ «ልጄ፣ ወንድምሽ ሳይደርስ አፈር እንዳታለብሱኝ፤ አደራ።»