ሚንዮ የቸኮለበት ቅስት

ሚንዮ አብዷል የሚል ሰው እኔ ፊት እንዳይደግመው። ኖራ አቃጣይ ነኝ፤ ዕድሜዬን ሙሉ ለእሱ ኖራ ሳቀርብ ስለኖርኩ ከመጠጥ ቤት ወሬኛ ይልቅ እኔ አውቀዋለሁ። ሠልጣኞች በደጁ ሲያልፉ ፊቱን ወደ ግድግዳ የሚያዞረው አብዶ አይደለም። ልቡ ተሰብሮ ነው። ለዚህ ደግሞ መድኃኒት የሚሸጥ የለም።

ሚንዮ የከተማችን የድሬንኮቮ የመጨረሻው የድንጋይ ግንበኛ ነው። የግንባታ ትምህርት ቤቱ ሠልጣኞቹን ለልምምድ እሱ ዘንድ ይልክ ነበር። በተለይ የሌላ ከተማ ግንበኛ «ይሄን ሰነፍ ከፊቴ ውሰዱልኝ» ያለውን ሁሉ ወደ እሱ ነው የሚገፉት። ሚንዮ ማንንም አልመለሰም። ጫማው የተቀደደበትን ጫማ ይገዛለታል፤ ሆዱ ባዶ የሆነውን የባቄላ ሾርባውን ሳይጨርስ ድንጋይ አያስነካውም። ሚስት አላገባም፣ ልጅም አልወለደ። «ልጅ ምን ያደርግልኛል? መንግሥት በየመስከረሙ ጎረምሳ እየወለደ ይልክልኝ የለ!» ይል ነበር።

ዝግታው ግን ለጉድ ነበር። የመጀመሪያውን ዓመት ድንጋይ መሸከምና መለየት፣ ሁለተኛውን ኖራና አሸዋ መለወስ፣ ሦስተኛውን ደግሞ ግንብና ቅስት ያስተምራል። አንዱ ችኩል «አያ ሚንዮ፣ መቼ ነው ግድግዳ የሚያስይዙን?» ሲለው፣ «ድንጋዩ ስምህን ሲያውቅ» ይለዋል። በሌለበት ኤሊው ይሉታል። ይሄንንም ያውቃል። «ኤሊስ ቤቷን በጀርባዋ ይዛ ትዞራለች፤ የናንተ ቤት የታል?» ብሎ ያስቃቸዋል። በእሱ እጅ ካለፉት ውስጥ ግን ጣቱ እንኳ የተቀጠቀጠ አልነበረም።

ከሁሉም የባሰ የሚዘገየው ቅስት ላይ ነው። የበር ቅስት ሲሠራ ድንጋዮቹ የሚደረደሩት ከሥር በተተከለ የእንጨት ድጋፍ ላይ ነው፤ ኖራው ሲጠነክር ድጋፉ ይወጣል። ይህን ድጋፍ ከሚንዮ በቀር የሚነካው አልነበረም። ልጆቹን ከመንገዱ ማዶ አቁሞ ብቻውን ይገባል፣ እንጨቱን በመዳፉ መታ መታ ያደርጋል፣ «ገና ነው» ብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። የቤቱ ባለቤት በንዴት ቢጨስም ግድ የለውም። መቼ እንደሚወጣ የሚያስተምረው በሦስተኛው ዓመት ማብቂያ ላይ ነው። ቀድሞ ያወቀው ይደፍራል ይላል።

ዝላቲና ለልምምድ የመጣችው የፈትል ፋብሪካው በተዘጋ ዓመት ነው። እናቷ ሩሚያና ከፋብሪካው ወጥታ አውቶቡስ ማቆሚያው ቡና ቤት ብርጭቆ ታጥብ ነበር። ልጅቷ ከአክስቷ ጋር ግሪክ ሄዳ ሽማግሌ እንድትጦር ነበር የፈለገችው። ሚንዮ አንድ ማሰሮ የተጠበሰ ቃሪያ በብብቱ ሸጉጦ ቤቷ ድረስ ሄደ። እኔም ለምስክርነት ተከተልኩት።

«ሩሚያና፣ ልጅሽን ተይልኝ።»

«ድንጋይ ስትሸከም ውላ ማን ሊያገባት ነው?»

«እኔንስ ማን አገባኝ? አንቺው ራስሽ እምቢ ብለሽኝ የለ!»

ሩሚያና ሳትወድ ሳቀች። «ያኔም ስትዘገይ ነው ሌላ የቀደመህ» አለችው። ቃሪያውን ተቀበለች፤ ልጅቷንም ተወችለት።

ልጅቷ አጭር ናት፣ ምላሷም አጭር፣ ዓይኗ ግን ሥራ ላይ የተተከለ። አንዱን ድንጋይ እያገላበጠች ጠዋቱን ሙሉ ፊቱን ስትፈልግ ትውላለች። ሌሎቹ ይስቁባታል። ሚንዮ ግን ኖራ ሊወስድ እኔ ዘንድ በመጣ ቁጥር ሌላ ወሬ አልነበረውም። «ይቺ ልጅ ከእኔም ትብሳለች እኮ፣ ኪሮ! ሙያው ሰው አገኘ» ይለኛል። እንደዚያ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም።

በሁለተኛ ዓመቷ ወንዙ ዳር ያለውን የወፍጮ መንገድ የሚደግፈውን ግንብ ያዙ። ግንቡ ሁለቴ ተሠርቶ ሁለቴ ፈረሰ። በእኛ አገር አልቆም ያለ ግንብ ጥላ ይፈልጋል ይባላል። የአንድ ሰው ጥላ በሲባጎ ይለካና ሲባጎው ከድንጋይ ሥር ይቀበራል፤ ግንቡ ይቆማል፣ ባለጥላው አርባ ቀን ሳይሞላው ይሞታል። አምናለሁ የሚል አንድ ሰው አታገኙም። ግንበኞች ሲለኩ አጠገባቸው የሚቆምም አታገኙም።

አንድ ቀን ዝላቲና ጎንበስ ብላ ኖራ ስትለውስ፣ ስቶይል የሚባለው የቀን ሠራተኛ ከኋላዋ ሆኖ፣ ጓደኞቹን እየጠቀሰ፣ ጥላዋን በሲባጎ ይለካል። ሚንዮ አየው።

«ምንድን ነው የያዝከው?»

«ኧረ ቀልድ ነው፣ አያ ሚንዮ።»

«በራስህ ጥላ ቀልዳ! የሰው ልጅ ምን አደረገችህ?»

ሲባጎውን ነጥቆ በጣጠሰው። ከዚያ ፀሐይዋን ከጀርባው አድርጎ ቆመና የራሱን ጥላ በሌላ ሲባጎ አስለካ። መሠረቱ ላይ አጋድሞ ኖራ ደፋበት። «ጥላ ካማረው ያረጀውን ይብላ! ከልጆቼ ግን ራስ ውረዱ» አለ። ሰዉ ሳቀ፣ እኔም ሳቅኩ። ዝላቲና ብቻ አልሳቀችም።

ግንቡ ቆመ። የቆመው ሚንዮ ከጀርባው ውሃ መውጫ ስለከፈተለት ነው፤ ይሄን የነገረኝ ራሱ ነው። ነገር ግን ዝናቡ ሲጀምር ሳል ያዘው፣ ትኩሳቱም አልጋ ላይ ጣለው። ልጠይቀው ስሄድ እጄን ያዘኝ።

«ኪሮ፣ አርባው እየደረሰ ነው።»

«ጃጀህ እንዴ? ውሃው ነው የሚጥለው ብለህ የለ?»

«ብያለሁ። አውቃለሁም። ግን እፈራለሁ። ለራሴ መሰለህ? እኔ ከሞትኩ ልጅቷን ለሙያው ማን ያደርስልኛል? ስቶይል?»

በዕድሜው ቸኩሎ የማያውቅ ሰው ያኔ ቸኮለ። ከአልጋው ተነሥቶ ትምህርት ቤቱን «ደርሳለች» አላቸው። እንደ ደንባችን የግንበኛ ሽርጥ አስታጠቃት፤ እንዳትረሳው ብሎ ማጅራቷን በመዳፉ ቸብ አደረጋት። ሦስተኛው ዓመት ገና አልተነካም። የአንድ ቤት የበር ቅስት ሥራም ሰጣትና ተመልሶ ተኛ።

እሱ ሲሠራ ባየችው ብቻ ቅስቱን ሠራችው። አይቼዋለሁ፤ እንዲህ ያለ ሥራ በጎልማሳ ግንበኛ እጅም አላየሁም። ያን ዕለት ማታ እኔ ሚንዮ ዘንድ ተቀምጬ ሳለ ገባች። ንጹሕ ሸሚዙንና ጧፉን ራስጌው አስቀምጦ ሞቱን ይጠብቃል።

«አያ ሚንዮ፣ ቅስቱ ገጥሟል። የቀረው ድጋፉ ብቻ ነው።»

«ጎሽ ልጄ» አለ። «እኔ ግን ቆሞ ሳላየው ልሄድ ነው።»

ሌላ ነገር አልተናገረም። እጁን ስማ ስትወጣ በሩ ላይ ጠራችኝ። «ጋሼ ኪሮ፣ ጠዋት ጋሪዎን ያምጡልኝ። ቆሞ እናሳያቸው» አለችኝ። ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። እሺ አልኳት።

ሳምንቱን ሙሉ ዘንቧል። ያ ኖራ ገና የቂጣ ሊጥ ነበር። ማልዳ ብቻዋን ሄዳ ድጋፉን የያዙትን ሽብልቆች አንድ በአንድ መታች። ጋሪዬን ይዤ ስደርስ ቅስቱ ላይዋ ተንዶ፣ መንገዱ ላይ ሰው ተሰብስቧል። በዚያ ጋሪ ሚንዮን ላመጣው ነበር፤ እሷን ወሰድኩበት።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። አፍሶ መልቀም ለእህል ነው። ይሄን ማን ይለቅመዋል?

ሚንዮ ደግሞ አልሞተም። ትኩሳቱ ለቀቀው፣ ሳሉ ቆመ፣ የፈራው ቀንም እንደማንኛውም ቀን መሽቶ ነጋ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝና፣ ያኔ ምነው በሞተ አልኩ። ለእሱ አዝኜ ነው።

አርባዋ በወጣ ቀን ሁላችንም መቃብሯ ዘንድ ተሰበሰብን። ሚንዮ ቅጥሩን ተደግፎ ከሰው ራቅ ብሎ ቆመ። ሩሚያና ለነፍሷ የተቀቀለውን ስንዴ ለሰው አድላ ስትጨርስ ሳህኑን ይዛ ወደ እሱ ሄደች። ትረግመዋለች ብለን ጠበቅን። ከስንዴው ቆንጥራ መዳፉ ላይ አደረገችለት።

«አያ ሚንዮ፣ ያ እንጨት እስከ መቼ መቆየት ነበረበት?»

«በዚያ ዝናብ… እስከ ገና።»

«እስከ ገና» አለች። «ብትነግራት እኮ ትጠብቅ ነበር። ልጄ መጠበቅ ታውቅበት ነበር።»

ከዚያ ሳህኗን ይዛ ቁልቁለቱን ወረደች። ሚንዮ ስንዴውን ሊበላው አልቻለም፤ ሊጥለውም አልቻለም። እንደጨበጠው ደግፌ ቤቱ አደረስኩት።