ደጁ የተሳመው መናፈሻ

በገዛ እጄ ከተከልኩት መናፈሻ በር ላይ ተባርሬአለሁ። ልብስህ ቆሻሻ ነው ተብዬ። ቆሻሻው የዚያው የመናፈሻው ጭቃ ነበር። ነገሩ ይኸው ነው፤ ላሳምረው ብል አይሆንልኝም።

ይህን ያስታወሰኝ ድምፅ ማጉያ የጫነ መኪና ነው። በዚህ ዓመት ከፋሲካ በኋላ በደብረ ብርሃን መንገዶች እየዞረ «ከተማችንን የአትክልት ከተማ እናደርጋለን» ሲል ሰማሁት። ጎመን እየገዛሁ ነበር፤ ሳቄ መጣ። ይህንኑ ቃል በጎረምሳነቴም ሰምቼዋለሁ፤ ያኔም የተነገረው በጩኸት ነው። ለሚተከል ነገር ለምን እንደሚጮህ አይገባኝም። ጥድ ሲያድግ ድምፁን የሰማ አለ?

ያን ጊዜ ከአንኮበር፣ ከጎረቤላ ማዶ ካለው መንደራችን ወጥቼ ደብረ ብርሃን ላይ የቀን ሥራ እሠራ ነበር። አጎቴ ቄስ ሆነው ሳሉ እኔ ሀሁ አላውቅም። ለትምህርት የተመረጠው ወንድሜ፣ ለእርፍ የተመረጥኩት እኔ ነኝ። ይህም አንድ በደል ነው፤ ግን የዛሬው ወሬ አይደለም።

የአትክልቱ ሥራ አለቃ አቶ በየነ ይባሉ ነበር። ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው የሚሄዱ የአዲስ አበባ ሰው ናቸው። ከገበያው በላይ አንድ ባዶ ሜዳ አሳዩንና «ይህ መናፈሻ ይሆናል» አሉን። መስከረም ላይ በመኪና የመጣ አበባ አስተከሉን፤ ቀይ፣ ቢጫ፣ ስሙን የማናውቀው ብዙ ዓይነት። ደብረ ብርሃን በኅዳር ምን እንደምትሆን እሳቸውም ያውቃሉ፣ እኛም እናውቃለን። አበባው ግን እንዲያ ሲያምር ውርጩ ይራራለት ይሆናል ብለን አሰብን። አልራራም። አንድ ቀን ጠዋት ስንመጣ ሜዳው ጨው የተነሰነሰበት መስሎ ጠበቀን፤ ፀሐይ ሲያርፍበት አበባው ሁሉ እንደ ተቀቀለ ጎመን ተኛ።

አቶ በየነ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለው አዩት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ «ሽፈራው፣ በእናንተ አገር ውርጭ የማይገድለው ምንድን ነው?» አሉኝ።

«ጥድና ቄስ» አልኳቸው።

ከት ብለው ሳቁ። «እንግዲያው ክረምት ሲገባ ጥዱን አምጣልኝ፤ ቄሱን እዚያው ተወው» አሉ። ያን ዕለት ወድጃቸው ነበር። እውነቱ ይነገር።

ሐምሌ ሲገባ ወደ አንኮበር ወረድኩ። ያን መንገድ በክረምት በእግሩ ያልሄደ ሰው ጉምን አውቀዋለሁ ባይል ይሻለዋል። ከቆላው በገደሉ አፍ ሽቅብ ይወጣና የያዝከውን በሶ እንኳ ከአፍህ በፊት እሱ ያረጥበዋል። አጎቴ ቤት ስደርስ ከጉልበቴ በታች ጭቃ ነበርኩ። ሚስታቸው እግሬን አጠቡኝ፤ ቅቤ የገባበት የገብስ ቅንጬ አቀረቡልኝ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ቅንጬ በልቻለሁ፤ ያንን የሚያህል ግን አልበላሁም።

በማግስቱ ከአጎቴ ጋር ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዐጸድ ገባን። ከትልልቆቹ ጥዶች ሥር ራሳቸው የዘሯቸው ችግኞች እንደ ጫጩት ተሰብስበዋል።

«ለየትኛው ቤተ ክርስቲያን ነው?» አሉኝ።

«ለቤተ ክርስቲያን አይደለም አባ። ሰው የሚናፈስበት ቦታ ሊሠራ ነው።»

«ደብረ ብርሃን ነፋስ አጥታ?»

ሳቅሁ። እሳቸው ግን ቀልዱን ትተው መቋሚያቸውን ተደገፉ። «ስማኝ አንተ ልጅ። ከዐጸድ የወጣ ችግኝ የትም ቢተከል ዐጸድ ነው። ነፍስ ያጠፋ ሰው እንኳ ሮጦ ከዚህ ጥላ ሥር ከገባ አይነካም። ከሥራቸው ሰው እንዳይባረር ማልልኝና ውሰድ።»

«ሚካኤልን! ሰው አይባረርም» አልኩ። ጎረምሳ መሐላ አይከብደውም።

ችግኞቹን ከነአፈራቸው በጆንያ ጠቅልለን አህያ ላይ ጫንን። ደብረ ብርሃን ስመለስ አቶ በየነ ክረምቱን ለማሳለፍ አዲስ አበባ ሄደዋል። እኔና ጓደኞቼ እንደ መሰለን ተከልን። ስህተቱ የመጣው እዚህ ላይ ነው። እኛ ዛፍ ተጠብቆ ሲታጠር የምናውቀው በአንድ ቦታ ብቻ ነው። ጥዶቹን ክብ አድርገን ተከልናቸው። ፍየል እንዳይገባ በድንጋይ ካብ ዙሪያውን ክብ አድርገን አጠርን። በምሥራቅ በኩል በር አወጣን፤ በሩ ላይ ለዝናብ መጠለያ ትንሽ ጣሪያ ሠራን። ሲያልቅ ቆመን አየነውና በጣም አማረን። መሐሉ ባዶ መሆኑ ብቻ ትንሽ ቅር አለን፤ ለምን እንደሆነ ግን አላወቅንም።

ያወቁት ገበያተኞቹ ናቸው። በመጀመሪያው ቅዳሜ አንዲት አሮጊት ገብስ ተሸክመው ሲያልፉ ሸክማቸውን አወረዱ፣ ጫማቸውን አወለቁ፣ መጥተው በሩን ሳሙ።

«የማን ታቦት ነው ልጄ?»

«ታቦት የለውም እማማ። መናፈሻ ነው።»

«መናፈሻ የሚባል ጻድቅ አላውቅም» አሉ አሰብ አድርገው። «ይሁን፤ እሱም ያማልደን።»

ጥዶቹ ወገቤን ሲያልፉ ነገሩ ባሰ። ከእነዋሪ ከተማ የመጣ ነጋዴ ከበቅሎው ሳይወርድ አያልፍም። አንዷ ጧፍ ታስቀምጣለች፤ ሌላዋ ልጇ እንዲድንላት ጥዱን ዞራ ስለት ትሳላለች። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሰው ገብቶ ጥዶቹ መሐል ቁጭ ይላል፤ ሽማግሌው ያወጋል፣ የደከመው ያሸልባል። ማንም ቅርንጫፍ አይሰብርም፤ የተቀደሰ ነዋ። በዓለም ላይ እንደዚያ የተከበረ መናፈሻ ያለ አይመስለኝም።

አቶ በየነን ግን አሳበዳቸው። አንድ ቀን በሩ ላይ ሲደርሱ አንድ ገበሬ ለእሳቸውም ጭምር እጅ ነሳ፤ ቆመው የሚያሳልሙ መስሎት። በቁጣ ጮኹብኝ፦ «መናፈሻ ትከል ብልህ ደብር ተክለህልኝ አረፍክ! ነገ ደግሞ ቀድስ ይሉኛል!»

ጣሪያውን አስፈረሱት። የብረት በር መጣ። ባሻ ገብሬ የሚባል ጡረተኛ ወታደር ዘበኛ ተቀጠረ። በሩ ላይ የተጻፈበት ሰሌዳ ተሰቀለ። ሰው መናፈሻ መሆኑን ይወቅ ተባለ።

የተመረቀ ዕለት እኔ ከጠዋት ጀምሮ የጥዶቹን ሥር ስኮተኩት ነበር። ውሃ ላመጣ ወጣሁና ስመለስ ባንዲራው ተሰቅሏል፣ እንግዶቹ ገብተዋል። ባሻ ገብሬ ዱላውን በደረቴ ላይ አጋደመው።

«በዚህ ልብስ አይገባም።»

«ባሻ፣ እኔ ነኝ እኮ፤ ሽፈራው።»

«አውቄሃለሁ። ተጽፏል፤ ልብሱ ንጹሕ ያልሆነ አይገባም ይላል።»

በብረቱ መሐል አቶ በየነን አየኋቸው። እሳቸውም አዩኝ። በእጃቸው ሂድ፣ ሂድ አሉኝ፤ እንደ ዶሮ። «ሰው እንዳይባረር ምያለሁ!» ብዬ ጮህኩ። አንድ ሁለት እንግዶች ዞር አሉ። ሌላ ምንም አልሆነም። ከኋላዬ ጫማቸውን ያወለቁ ሁለት ገበያተኞች ቆመው ነበር፤ እነሱንም መለሷቸው።

ከዚያ ወዲያ ወደዚያ ሥራ አልተመለስኩም። ግንበኛ ሆንኩ፤ ዕድሜዬን ሙሉ ለሰው አጥር ሠራሁ። ይቺን ነገር ሳስባት እኔም ታስቀኛለች። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲመጣ፣ ሌላው ደብዳቤ ለመጻፍ ተማረ፤ እኔ ያንን ሰሌዳ ለማንበብ ተማርኩ። ባሻ ዋሽቶኝ ይሆናል የሚል ተስፋ ነበረኝ። ፊደል እንደ ለየሁ ሄጄ እየነጣጠልኩ አነበብኩት። አልዋሸም። ቃል በቃል እንዳለኝ ነበር።

አጎቴ ሊሞቱ ሰሞን ልጠይቃቸው ሄጄ፣ «ጥዶቹ እንዴት ናቸው?» አሉኝ።

«ያድጋሉ አባ።»

«ሰውስ?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ፣ ያ በር ሰው እየመለሰ እኔ አልገባም አልኩ። ልጄ የተዳረች ዕለት ሙሽሮቹ ፎቶ ሊነሱ እዚያ ገቡ። ሱፍ ለብሻለሁ፤ ማንም አይከለክለኝም። ልጄ ቬሎዋን ሰብስባ እስከ በሩ መጣች። «አባዬ፣ ለኔ ስትል» አለች። ውጭ ቆምኩ። ፎቶው እቤቷ ተሰቅሏል፤ ጥዶቹ አሉበት፣ እኔ የለሁበትም። አላማርርም ብል ውሸት ነው።

እንግዲህ ዘንድሮ ያ ድምፅ ማጉያ ከጮኸ በኋላ ሠራተኞች መጥተው አጥሩን አፈረሱት። በሩንም ነቀሉት፤ ሰሌዳው ከዚያ ቀድሞ ዝጎ ወድቋል። መናፈሻው ክፍት ይሆናል አሉ። አላመንኩም፤ አንድ ቀን መልሰው ያጥሩታል ብዬ በዳር በዳር ማለፌን ቀጠልኩ።

አንድ ቀን ግን ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ድንገት ዝናብ ወረደ። ገበያተኛው እየሮጠ ጥዶቹ ሥር ገባ፤ ጭቃ የነካው፣ ዶሮ ያንጠለጠለው፣ በግ የሚጎትተው፣ ሁሉም። እኔ በሩ ከነበረበት ቦታ ላይ ቆምኩ፤ ጋቢዬ ይንጠባጠባል። አንዲት ሴት ሁለት ልጆች አቅፋ ከግንዱ ሥር ተቀምጣለች። ከወለጋ ተፈናቅለው እዚህ መጠለያ ከገቡት አንዷ ናት፤ ሽንኩርት ስትሸጥ አውቃታለሁ።

«አባባ! በዝናብ ምን ይገትርዎታል? ይግቡ እንጂ!»

«ክልክል ነው» አልኳት። ከአፌ አመለጠኝ።

«ማን ከለከለዎት?»

«ሞቷል።»

ልጆቿ ሳቁ። እሷም ሳቀች። «እኔን ያላባረረ ቦታ እርስዎን ያባርራል? ይምጡ። ልጄ፣ ጠጋ በልላቸው።»

ልጁ ጠጋ አለልኝ። ገባሁ። ጀርባዬን ለግንዱ ሰጠሁ፤ የረጠበ ጥድ ሽታው አጎቴ ዐጸድ ውስጥ ያለሁ አስመሰለኝ። ሴትዮዋ ከነጠላዋ ጫፍ ፈትታ የገብስ ቆሎ ዘገነችልኝ። ሽቅብ ወደ ቅርንጫፎቹ አየችና፣ «ይህን የተከለ ሰው ነፍሱን ይማርለት» አለች።

«ገና ነው» አልኳት። «ቆሎ እየበላ ነው።»

ዝናቡ እስኪያባራ ድረስ ማንም ማንንም ውጣ አላለም። ነገሩ ያለቀው ሰኔ አሥራ ሁለት ቀን፣ በስሙ በማልኩበት በሚካኤል ዕለት ነው።