ከቆርቆሮው ወዲህ ያነበብኩት ወረቀት

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። የተማርኩት ድብ ባሕር፣ እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ ከዚያ ወዲያ ለሰው ደብዳቤ እንኳ አልጻፍኩም። አሁን የምጽፈው ጎንደር፣ አራዳ ውስጥ የወፍጮ ጥገና ቤት የነበራቸው ጡረተኛ መሐንዲስ አሠሪዬ ካረፉ ዓመት ሊሞላቸው ስለሆነ ነው። ልጃቸው "የምታውቂውን ጻፊ፤ ለሙት ዓመቱ እናነበዋለን" አለችኝ። የማውቀው ብዙ ነው። የምጽፈው ግን አብረን በታሰርን ጊዜ አንድ ቀን የሆነውን ነው።

የያዙን ጠዋት ነው። እኔ ጠርጌ አልጨረስኩም፤ እሳቸው የወፍጮ ዘንግ ብረት መቅረጫ ማሽኑ፣ ቶርኖው ላይ አስረው መነጽራቸውን በሸሚዛቸው ጫፍ ይወለውላሉ። ሊይዙን ከመጡት ታጣቂዎች አንዱ ዘንጉን በጣቱ ነካ አደረገና፣

"ይሄ ምንድን ነው?" አለ።

"የወፍጮ ዘንግ።"

"የጠመንጃ አይደለም?"

"ከዛሪማ የመጣ ነው። ባለቤቱ ነገ ይመጣል፤ ጠይቁት።"

ባለቤቱን አልጠየቁትም። እሳቸውን ወሰዱ፤ እኔንም "አንቺስ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?" ብለው አስከተሉኝ።

ያስገቡን የድሮ እህል መጋዘን ነው። መሃሉ በቆርቆሮ ተከፍሏል፤ ወዲህ ሴቶች፣ ወዲያ ወንዶች። ቆርቆሮው ጣሪያው ድረስ አይደርስም። ወለሉ ላይ ስንቀመጥ ነቀዝ ከሲሚንቶው ስንጥቅ እየወጣ ቀሚሳችን ላይ ይሄዳል። ፀሐይ ስትዘቀዝቅ ብርዱ መጣ። ያን ጊዜ ከቆርቆሮው በላይ ጋቢ ተወረወረ፤ "ለልጅቷ" የሚል የሳቸው ድምፅ ተከተለው። ጋቢው እንደ ማሽኑ ቅባት ግራሶ ግራሶ ይሸታል። አጠገቤ የነበሩት ጠላ ሻጭ እናት ቶሎ ብለው ጫፉን ወደ እግራቸው ሳቡት።

"አባትሽ ናቸው?"

"አሠሪዬ ናቸው።"

"ኧረ እኔንም ያስቀጥሩኝ!" አሉ። ሴቶቹ ሳቁ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "ሲጠይቁሽ ዝም በይ። ዝም አይነቅዝም" አሉኝ። ዝምታ ለእኔ ከባድ አልነበረም። ከልጅነቴ ጀምሮ ሰው ፊት መናገር አልችልም።

ስለ ሥራ ቤታችን ደንብ ካልነገርኳችሁ የቀረው አይገባችሁም። እዚያ ሥራ ቤት የጣት ቀለም የሚባል ነገር አይገባም። ወፍጮው የተበላሸበት ሰው ሲመጣ ጉድለቱ ይጻፋል፤ የተጻፈው ጮክ ተብሎ ይነበብለታል፤ "ሰሙ?" ይባላል። "ሰምቻለሁ" ካላለ ወረቀቱ ላይ ምንም አያኖርም። ፊደል የማያውቅ እንኳ ቢሆን፣ ከሰማ በኋላ በእጁ አንድ ምልክት ይሠራል እንጂ ጣቱን አያትምም።

እሳቸው ይህን ያመጡት ከጥንት ሥራቸው ነው። ወጣት መሐንዲስ ሳሉ ዛሪማ አጠገብ መንገድ ሲወጣ፣ መንገዱ መሬቱን የሚያቋርጥበት አንድ ሽማግሌ ገበሬ ወረቀት ሳይነበብለት ጣቱን አተመ። ዶዘሩ ማሳው ውስጥ ሲገባ ገበሬው ወደሳቸው መጣና "አንተ ልጅ፣ ጣቴ ምን ብሎ ኖሯል?" አላቸው። "ወረቀቱን የያዝኩለት እኔ ነበርኩ" ይሉን ነበር። ሌላ አይጨምሩም።

እኔን የቀጠሩኝ ለጽዳት ነው። ስድስተኛ ክፍል መድረሴን ሲሰሙ አንባቢ አደረጉኝ። መጀመሪያ ጊዜ ወረቀቱን አፌ ላይ ለጥፌ አነበብኩ። ደንበኛው የድብ ባሕር ሰው ነበሩ። "አያ፣ ሰሙ?" ስላቸው "ልጅቱስ ሸጋ ናት፤ ድምጿን ግን ቤቷ ረስታው መጥታለች" አሉ። መሐንዲሱ ቶርኖውን አጥፍተው "ለራስሽ ነው እንዴ የምታነቢው? ሰውዬው ወዲህ ነው። እንደገና" አሉኝ። ሦስት ጊዜ አነበብኩ።

በታሰርን በአራተኛው ቀን፣ ረፋድ ላይ ጠሩኝ። ጠረጴዛው መጋዘኑ በር ላይ ነው፤ ሁለቱም ወገን ይሰማል። ወረቀት የያዘው መርማሪ ወጣት ነው፤ ንግግሩ ለስላሳ ነው።

"ተምረሻል?"

"አልተማርኩም" አልኩት።

ለምን እንዳልኩ ዛሬም ያሳፍረኛል። ተምሬአለሁ ካልኩ አንብቢ እባላለሁ፤ ሳነብ እንተባተባለሁ፤ ይስቁብኛል ብዬ ነው። እሱም "እንግዲያው እኔ ላንብብልሽ" ብሎ አነበበ፤ "የጽዳት ሠራተኛ ነኝ፤ ስለ ሌላው ሥራ አላውቅም።" ይኸው ነበር። የቀለሙን ክዳን ከፈተና "አውራ ጣትሽን እዚህ፤ ከዚያ ዛሬውኑ ቤትሽ" አለኝ።

እናቴ ትዝ አለችኝ። ጣቴን ቀለሙ ውስጥ ነከርኩ። ወደ ወረቀቱ ስወስደው ዓይኔ አንድ ቃል ላይ አረፈ፦ ቶርኖ። በየቀኑ የማነበው ቃል ነው፤ ከሩቅም አውቀዋለሁ። እሱ ሲያነብ ግን ቶርኖ አላለም።

"ልየው" አልኩ።

"ምኑን ነው የምታዪው? አልተማርኩም አላልሽም?"

"ዋሽቼ ነው። ስድስተኛ ክፍል ደርሻለሁ።"

ሳቀ። "እስቲ አንብቢዋ! ዝም በሉ፣ የድብ ባሕሯ ምሁር ልታነብልን ነው።"

ተነሣሁ። ቶርኖው አሁን የጠፋ፣ ደንበኛውም ወዲያ ማዶ የቆመ አስመስዬ ጮክ ብዬ ጀመርኩ። "አሠሪዬ... በቶርኖ... የጦር መሣሪያ ዕቃ... ሲሠሩ... በዓይኔ አይቻለሁ።" ተንተባተብኩ፤ ግን ጨረስኩት። ከቆርቆሮው ማዶ ወሬው ቆመ።

"ይሄን አላየሁም" አልኩት። "ያየሁት የወፍጮ ዘንግ ነው። አልፈርምም።" ቀለም የነካውን ጣቴን በቀሚሴ ጠረግኩት።

ከዚያ የሆነውን አልጽፈውም። አጭር ነበር።

ስመለስ ጠላ ሻጭዋ እናት ጋቢውን ደረቡልኝ። "ዝም በይ ብዬሽ አልነበር?" አሉ። ቀጥለውም "እንኳንም አልሰማሽኝ" አሉና ጉንጬን በእርጥብ ጨርቅ ያዙልኝ። እኔ ከማዶ አንድ ድምፅ እጠብቅ ነበር። ሳል እንኳ ቢሆን። የሚያስለው ሰው ብዙ ነው፤ የሳቸውን መለየት አልቻልኩም።

እኔ ከሁለት ሳምንት በኋላ ተለቀቅኩ፤ እሳቸው ሦስት ወር ቆዩ። ለምን እንደያዙን አውቀናል፤ ለምን እንደለቀቁን የነገረን የለም። በተመለሱ ማግሥት ያንኑ ዘንግ ቶርኖው ላይ አሰሩ። የዛሪማው ሰውዬ መጥቶ "ምነው፣ ዘንጌ ይሄን ያህል ዘገየ?" ሲላቸው "ዘንጉስ አልዘገየም፤ የታሰርኩት እኔ ነኝ" አሉት። ጋቢያቸውን አጥቤ ብሰጣቸው አሸተቱትና "ግራሶው አልለቀቀም፤ አንቺው ልበሺው" አሉ። ዛሬም እለብሰዋለሁ። ያን ቀን ሰምተውኝ እንደሆነ ግን አልጠየቅኳቸውም። አፈርኩ። እሳቸውም አላነሡትም። ዓመታት እንዲሁ አለፉ።

አሁን ለደንበኛ ሁሉ የማነበው እኔ ነኝ። ሰው "ቀስ በይ፣ አትጩኺብን" ሲለኝ ደስ ይለኛል። ይህን ድምፅ የሰጡኝ እሳቸው ናቸው፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ ብዬ ግን በአፌ ነግሬአቸው አላውቅም።

ሲታመሙ ልጃቸው የመሣሪያ ክፍሉን ልታስረክበኝ ወረቀት አዘጋጀች። አልጋቸው አጠገብ ቆመን እስክሪብቶ ሰጠችኝ። ልፈርም ስል እጃቸውን ከብርድ ልብሱ አወጡ። ሳይነበብ አይፈረምም ማለታቸው እንደሆነ ገባኝ። ከላይ እስከ ታች አነበብኩላቸው፤ መፍቻውን፣ ፒንሳውን፣ ካቻቢቴውን፣ ሞርሳውን፣ አንድ በአንድ። ስጨርስ እንደ ደንባችን "ሰሙ?" አልኳቸው። ዓይናቸው ተጨፍኖ ነበር። በሦስተኛው ቀን ነው ያረፉት፤ ለእኔ ከዚያ ወዲያ የተናገሩት የለም። ያን ጊዜ ግን ዓይናቸውን ገለጡና፣

"ከቆርቆሮው ማዶም ሰምቼሻለሁ። ፈርሚ" አሉኝ።