ያልፈሰሰው ውሃ

ባለፈው ሰሞን ደሴ ላይ ስለ ሃይማኖቶች መቻቻል ስብሰባ ተጠርቶ፣ የሰፈር ሰዎች «አንቺ ከሚሲዮን ጋር የሠራሽ ነሽ፤ የምታውቂውን ትናገሪያለሽ» ብለው ይዘውኝ ሄዱ። አዳራሹ ሞልቶ ነበር። መድረክ ላይ የወጣው ሁሉ ወሎ የፍቅር አገር ነው ይላል፣ ይጨበጨብለታል፤ የሚቀጥለውም ወጥቶ ያንኑ ይላል። ሐሰት ነው አልልም። ግን ጉልበቴ ያመኛል፣ ወንበሩ ይቆረቁራል፣ ደግሞም አንዳንድ ቃል ሲደጋገም ብዙ እንደታጠበ ነጠላ ይሳሳል። ተራዬ ሲደርስ ስለ ሚሲዮኑ ቄስ ሁለት ሦስት ነገር ብዬ ተቀመጥኩ። ከጎኔ የነበረች የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ጠጋ ብላ «እማማ ዘሃራ፣ እኒያ ቄስ ከሙስሊሞቹ ጋር ምን እያሉ ነበር የሚወያዩት?» አለችኝ። «ረጅም ነው፣ ልጄ» ብዬ አለፍኳት። ያልነገርኳት ይኸውና።

ተወልጄ ያደግኩት ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር ነው። የድሬሰርነት ትምህርቴን እንደጨረስኩ ሥራ ያገኘሁት ኮምቦልቻ፣ ካቶሊክ ሚሲዮን ክሊኒክ ነበር። አባቴ አኮረፈ። ኋላ ግን ቁርኣን ያስተማሩኝን ሼህ ይማምን ቢያማክራቸው «እኒያን ቄስ አውቃቸዋለሁ፤ ትግባ» አሉት። ገባሁ።

እኒያ ቄስ የሚሲዮኑ አለቃ አባ ፊሊጶስ ናቸው። ፈረንጅ ይሁኑ እንጂ በጉብዝናቸው ዘመን መጥተው እኛው ዘንድ የሸበቱ ሰው ነበሩ። በር ዘግቶ ድምፃቸውን ብቻ የሰማ ሰው የቃሉ አገር ገበሬ ይላቸዋል። ጊዜ ሲያገኙ ላንድሮቨራቸውን እየነዱ የሐረጎን ዳገት ይወጡና ደሴ፣ ሼህ ይማም ግቢ፣ ምንጣፍ ላይ እግራቸውን አጣጥፈው ይቀመጣሉ። ስለ ኢብራሂም ያወራሉ፣ ስለ መርየም ያወራሉ፣ ስለ በልጉ ዝናብ ያወራሉ። የማይስማሙበት ቦታ ላይ ሲደርሱ ሼህ ይማም «ይህን ለጌታው እንተወው» ይሉና አብሽ ያስቀዳሉ። ለዚህ ነገራቸው ስም አልነበረውም። በየቀበሌው ፈጣሪ የለም እየተባለ በሚሰበክበት በዚያ ዘመን፣ ጾም የሚጾም ጎረቤት ማግኘት በራሱ ያስደስታቸው እንደነበር እገምታለሁ።

ከዚያ የሰባ ሰባቱ ድርቅ መጣ። ከኮምቦልቻ ወጣ ብሎ፣ ቦርከና እንደ ገመድ ቀጥኖ ከሚወርድበት በላይ፣ ሜዳው ላይ ድንኳን ተተከለ። ሰዉ ከቢስቲማና ከወረባቦ ቀበሌዎች ቀንና ሌሊት ሲጓዝ ከርሞ ይደርሳል፤ የሚበዛው ሙስሊም ገበሬ ነው። ጠዋት ጠዋት የኅዳር ብርድ ሜዳውን ያደርቀዋል። ፋፋ የሚባለውን የልጆች ዱቄት በበርሜል እናፈላለን። የዱቄት ወተት ሽታ፣ የእርጥብ ብርድ ልብስ ሽታና የጭስ ሽታ ተደባልቆ ልብሴ ላይ ስለሚቀር ቤት ገብቼም እህል አይወርድልኝም ነበር። አባ ፊሊጶስ ከእኛ ጋር ቆመው ያድራሉ ማለት ይቻላል። ተቀምጠው እያናገሩኝ እንቅልፍ ሲወስዳቸው ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

አንድ ጠዋት ከሕፃናቱ ድንኳን ውስጥ ባዶ ቦታ በዛብኝ። የሞቱት እንኳ ያን ያህል አልነበሩም። እናቶቹ ናቸው፤ ገና ጉሉኮስ የሚያስፈልጋቸውን ልጆች አዝለው ሄደዋል። ቶይባ የምትባል የወረባቦ ሴት ደግሞ ልጇን ጀርባዋ ላይ እያሠረች ደረስኩባት። ሁለት ልጆች መንገድ ላይ ቀብራ፣ የቀራት ይኸው ሰይድ ነው። አንገቱ አልጸና ብሎ ይወዛወዛል።

«ቶይባ፣ ወዴት ነው? በአላህ፣ ይህ ልጅ መንገድ ይችላል?»

«ይሙት ካለው በእስልምናው ይሙትልኝ» አለች፣ መቀነቷን ሳትለቅ። «አሮጊቷ ፈረንጅ ሊሞቱ ያሉትን በውሃ ግንባራቸውን እያበሰች ክርስትና ታነሳቸዋለች አሉ። በዱንያስ አጣኋቸው፤ ቂያማ ቀን ደግሞ ልጄ ከማን ጋር ሊቆም ነው? እንዴት አድርጌ አገኘዋለሁ?»

እኔ ያኔ ገና ልጅ አልነበረኝም። «ውሸት ነው» ልላት ነበር። ግን አላውቅም። «እስክጠይቅ ቆይልኝ። ዘሃራ ነኝ፣ የሙስሊም ልጅ ነኝ፤ እስከ ነገ ብቻ» አልኳት። እያለቀሰች ልጁን አወረደችው።

አባ ፊሊጶስን ከበርሜሎቹ አጠገብ አገኘኋቸውና ቶይባ ያለችኝን እንዳለ ነገርኳቸው። ወዲያው ወደ ሲስተር አንጀላ ሄዱ። ሲስተር አንጀላ ዕድሜያቸው የገፋ፣ የታመመ ልጅ ሲያቅፉ የሚያዜሙ ሴት ነበሩ፤ ከእሳቸው የበለጠ የወላድ አንጀት ያለው ሰው እዚያ ሜዳ ላይ አልነበረም። በራሳቸው ቋንቋ ተነጋገሩ። ሲስተር ፊታቸውን በመዳፋቸው ሲሸፍኑ አየሁና ገባኝ።

«እውነት ነው» አሉኝ አባ፣ ተመልሰው መጥተው። «ሊሞቱ ሲሉ ብቻ ነው፣ ከፍቅር ነው ትላለች። አምናታለሁ፤ በእኛ እምነት ለሚሞት ሕፃን ከዚህ የሚበልጥ ስጦታ የለም። ግን እናቶቹን አልጠየቀችም።»

ጋዋኔን አውልቄ መሬት ላይ ጣልኩት። ምን እንዳልኳቸው አላስታውስም፤ ጮኼ ነበር። ጋዋኑን አንስተው አራገፉት። «መኪና ውስጥ ግቢ። ሼህ ይማም ዘንድ እንሄዳለን» አሉ።

«ምን ሊሏቸው?»

«የሆነውን።»

ሐረጎን ስንወጣ እህል የጫኑ መኪኖች እያቃሰቱ ይወርዳሉ፣ ጉሙም ጥምዝምዙን መንገድ ይሸፍነዋል። ንዴቴ በረድ ሲል ሌላ ፍርሃት መጣብኝ። ይህ ነገር ከተሰማ ማንም እናት ልጇን አታመጣም፤ ልጆቹ በየሜዳው ያልቃሉ። «አባ፣ ነገሩ ከዛሬ ጀምሮ ይቁም፤ ማውራቱ ግን ይቅር። ማን ያውቃል?» አልኳቸው።

«ቶይባ ነገ ብትጠይቅሽ ምን ትያታለሽ?» አሉኝ፣ ዓይናቸውን ከመንገዱ ሳያነሱ። ኬላው ላይ ወታደሩ የይለፍ ወረቀታችንን ገልብጦ አይቶ ገመዱን ዝቅ አደረገልን።

ሼህ ይማም እንደ ወትሮው በፈገግታ ተቀበሉን። አባ ፊሊጶስ አብሹ ሳይቀርብ፣ ጫማቸውን እንዳወለቁ ገና ቆመው ነገሩን ተናገሩ። አንድም ቃል አላለዘቡትም። ሼሁ መቁጠሪያቸው እጃቸው ላይ ቀረ። ተነሥተው አስርን ሊሰግዱ ገቡ። እኛ ግቢው ውስጥ ቆመን ቀረን። ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ንፋስ ይበርዳል፤ አባ ባዶ እግራቸውን ነበሩ፤ ተቀመጡ ያላቸው የለም። ሼሁ አይመለሱም ብዬ ፈርቼ ነበር።

ወጡ። «ብትክዱኝ አምናችሁ ነበር፤ ለምን ነገራችሁኝ?» አሉ።

«ስላመኑኝ ነው።»

«በሃይማኖታችሁ ያለዚያ ውሃ ሕፃኑ ገነት አይገባም ትላላችሁ?»

«ብዙዎቻችን እንደዚያ ተምረናል። እኔ ለጌታ ምሕረት እተወዋለሁ፤ እርግጠኛ ግን አይደለሁም።»

«እንግዲያው ውሃውን ብትተዉት፣ በእናንተ ዘንድ ኃጢአት የምትሉት ወንጀል ሊሆንባችሁ ነው።»

«ሊሆን ይችላል» አሉ አባ ፊሊጶስ። «ከሆነም እኔ ልጠየቅበት። እናቶቹ ላይ አይደርብ፤ የእነሱ ይበቃቸዋል።»

ሼህ ይማም ወደ እኔ ዞረው «ዘሃራ፣ ለሰውዬው ምንጣፍ አንጥፊላቸው» አሉኝ። «ነገ እኔ እወርዳለሁ። ለእናቶቹ ግን እናንተ ራሳችሁ ትነግሯቸዋላችሁ። እኔ አጠገባችሁ እቆማለሁ እንጂ አልናገርላችሁም።»

እንዳሉትም ሆነ። በማግስቱ እናቶቹ ከድንኳኖቹ መካከል ተሰበሰቡ። አባ ፊሊጶስ ኮፍያቸውን አውልቀው የሆነውን ተናገሩ፤ ከእንግዲህ ማንም የማንንም ልጅ እንደማያጠምቅ በፈጣሪያቸው ስም ቃል ገቡ፤ አውፉ በሉን፣ ይቅር በሉን አሉ። ልጇ ከጥቂት ቀን በፊት የሞተባት አንዲት ሴት አፈር ዘግና ደረታቸው ላይ በተነችው። «ልጄን አምጣው! ያፈሰሳችሁበትን ውሃ አውጡለት!» እያለች ትጮሃለች። አባ አፈሩን እንኳ አላራገፉም። የሰው ፊት እንደዚያ ሲያረጅ በአንድ ቀን ውስጥ አይቼ አላውቅም።

ያኔ ሼህ ይማም ወደ ሴትዮዋ ሄደው አጠገቧ ቁጭ አሉ። «እቴ፣ ስሚኝ። ውሃ የአላህ ነው። ልጅሽ ወንጀል የሌለበት ሕፃን ነው፤ ከጌታው እጅ ሊወስደው የሚችል ውሃም የለ፣ ሰውም የለ። ጀነት በር ላይ ቆሞ እናቴን ካላስገባችሁልኝ ብሎ የሚከራከርልሽ እሱ ነው» አሏት። እንባዋ እስኪያልቅ አብረዋት ተቀመጡ። እሷ በማግስቱ ሄደች። ሌሎችም ሄዱ። የሚበዙት ግን ቀሩ፤ ቶይባም ቀረች።

ወሬው ካድሬው ጆሮ ደርሶ ሁለቱ ሽማግሌዎች ያለ ፈቃድ ሰው ሰበሰባችሁ ተብለው ቀበሌ ተጠሩ። አንድ አግዳሚ ላይ ቀኑን ሙሉ አስቀመጧቸው። ካድሬው ወጣት ነው፤ «ቄስና ሼህ አንድ ላይ ምን ስትዶልቱ ነው?» ይላቸዋል። ሼህ ይማምም «ልጄ፣ ስለ ሞቱት ነው የተነጋገርነው። በቆሙት ጉዳይ አልገባንም» አሉት። ለቀቋቸው፤ ነገር ግን አባ ፊሊጶስ ከዚያ በኋላ ከኮምቦልቻ እንዳይወጡ ተከለከሉ። ስለዚህ መንገዱ የሼህ ይማም ሆነ። ያ አሮጌ ሰውነታቸው በእህል መኪና እየተንገላታ ይወርዳል፤ ለሞቱት ጀናዛ ይሰግዳሉ፣ እናቶችን ያጽናናሉ። አባ ፊሊጶስ ከሰልፉ ራቅ ብለው፣ ጉድጓድ የቆፈሩበትን አካፋ ተደግፈው ይቆማሉ። ሲጨርሱ ሁለቱ አንድ ድንጋይ ላይ ይቀመጣሉ። ስለ ኢብራሂም ሲያወሩ ግን ዳግመኛ አልሰማሁም። የደከመ ሰው ከደከመ ሰው ጋር እንደሚቀመጠው ነበር የሚቀመጡት።

የቶይባ ልጅ አልተረፈም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ እናቱ ውሃ ልትቀዳ እንደወጣች ትንፋሹ መቆራረጥ ጀመረ። አጠገቡ የነበሩት ሲስተር አንጀላ ናቸው። ስገባ የውሃው ጣሳ እግራቸው ሥር አለ፤ እሳቸው ሁለት እጃቸውን ጭናቸው ላይ ቆልፈው፣ ጣቶቻቸው ደም እስኪያጡ ድረስ ጨብጠው ተቀምጠዋል። «ቶሎ ነይ፣ ዘሃራ» አሉኝ። «የእናንተን በይለት። ብቻውን አይሂድ።» ተንበርክኬ በጆሮው ሸሃዳ አልኩለት። ቶይባ ሮጣ ስትደርስ ልጁ በእኔ ክንድ ላይ፣ የሲስተርም እጆች እንደተቆለፉ ነበሩ። ቶይባ የሲስተርን እጆች አየች፣ ጣሳውንም አየች። እነዚያን የተቆለፉ ጣቶች አንድ በአንድ ፈታቻቸው።

ክረምቱ ዘነበ፤ የተረፈው ሰው ዘር ይዞ ወደ ቀዬው ተመለሰ። ሲስተር አንጀላ ታመው ወደ አገራቸው ሄዱ፤ እዚያው አረፉ ተባለ። ሼህ ይማም ደርግ ሳይወድቅ በፊት ሞቱ። አባ ፊሊጶስ እርጅና ተጫናቸውና አለቆቻቸው ሲጠሯቸው ልሰናበታቸው ሄድኩ። ሻንጣቸው በር ላይ ነው። «ዘሃራ፣ ትክክል ሠርቼ ይሆን?» አሉኝ። ማጽናኛ የሚፈልጉ አልመሰለኝም፤ በእርግጥ አያውቁም ነበር። እኔም «አላውቅም፣ አባ» አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁና እጄን ጨበጡኝ።

አሁን እሳቸው ያኔ ከነበሩበት ዕድሜ አልፌያለሁ። ወልጄ አሳድጌአለሁ፣ ቀብሬአለሁም። ሰዎች የሌላውን እምነት ማክበር ቀላል የሚመስላቸው፣ ማክበሩ ዋጋ አስከፍሏቸው ስለማያውቅ ይመስለኛል። እኒያ ሰው ግን ለልጆቹ ይበጃል ብለው የሚያምኑትን ነገር፣ ለእናቶቻቸው ብለው እጃቸው ላይ እያለ ተዉት፤ ተዉትና ሳያርፉ ቀሩ።

ዙሁር ሰግጄ ዱዓ ሳደርግ የሞቱብኝን በስም እጠራለሁ። እናቴን፣ አባቴን፣ ልጄን፣ ሼህ ይማምን፣ የቶይባን ሰይድ። አባ ፊሊጶስ ላይ ስደርስ ምላሴ ይያዛል፤ ለእሳቸው ምን ተብሎ እንደሚለመን ማንም አላስተማረኝም። ስለዚህ የማውቀውን ብቻ እላለሁ፦ ጌታዬ፣ ያ ሰው በጣም ደክሞት ነበር።