ከደንገጎ የመጣው እንግዳ

ልጄ «ዛሬ ልምምዱ ደቻቱ አሸዋው ላይ ነው» ብላኝ ከወጣች በኋላ ነው ቀና ብዬ ወደ ደንገጎ ተራራ ያየሁት። እኛ ግቢ ፀሐይዋ ያጠብኩትን ልብስ ገና ሳላሰጣው እጄ ላይ ታደርቀው ነበር። በድሬ ሰማይ ላይ አንዲት ደመና የለችም። ተራራው ግን ጠቁሯል። ጥቁር ብርድ ልብስ የወረወሩበት ነው የሚመስለው። እጄ ላይ የነበረው አንሶላ አፈር ላይ ወደቀ።

ለማያውቅ ሰው ይሄ ምንም አይደለም። ደንገጎ ሩቅ ነው፣ ዝናቡም የደገኞች ዝናብ ነው። ዝናብ ከሌለ ደረቅ አሸዋ በሆነው በደቻቱ ወንዝ ዳር ያደገ ሰው ግን ያውቃል፤ እኛን የሚበላን ውሃ እኛ ላይ አይዘንብም። ላባችንን እየጠረግን፣ ጥላ እየፈለግን ሳለን ነው የሚደርስብን።

ስልኳ ላይ ደወልኩ፣ ዝግ ነው። ልምምድ ላይ ስልካቸውን ይሰበስቡባቸዋል። ዘንድሮ ከተማው ለበዓል ዓመቱን ሙሉ ሽር ጉድ ላይ ነው፤ የመንገድ ጠርዝ ይቀባል፣ መብራት ይሰቀላል፣ ከየሰፈሩ ልጃገረድ ተመርጣ የእንግዳ መቀበያ ዘፈን ታጠናለች። የኔዋም ተመርጫለሁ ስትለኝ ልምምዱ የት እንደሆነ ነው ቀድሜ የጠየቅኳት። አዳራሽ ውስጥ ነው ስላለችኝ ነው የፈቀድኩላት።

ሻሼን እንኳን በቅጡ ሳላስር ባጃጅ ውስጥ ገባሁና «ደቻቱ፣ ቶሎ በል ወንድሜ» አልኩት። ድልድዩ ጋ ስንቃረብ መንገዱ ተጨናንቆ ቆምን። እዚያ ጉልበቴን ጨብጬ ስቀመጥ ያ ዓመት ፊቴ ድቅን አለ።

ያኔ እኔም በልጄ ዕድሜ ነበርኩ። አባቴ ባቡር ጣቢያ ይሠራል፤ እኔ ትምህርቱን ከአራተኛ ክፍል ትቼ እቤት ነበርኩ። ከተማችን ትልቅ በዓል ታዘጋጃለች፣ ትልቅ እንግዳም ይገኛል ተባለ። ከዚያ በኋላ ዓመቱ ሁሉ በዓል ሆነ። የሰፈር አጥር በኖራ ተለቀለቀ። አህያ ዛፍና አስፋልት ባለው በከዚራ ሰፈር እንዳያልፍ ተከለከለ። የቆሻሻ ጋሪው እንኳን ባንዲራ ተሰክቶበት ነበር የሚዞረው። ማታ ማታ በድምፅ ማጉያ ግጥም ይነበባል፤ ስለ ንጽሕና ድራማ ይታያል፤ ድራማውን የምናየው ቆመን ነው፣ ወንበሩ ለበዓሉ ተብሎ ተቆልፎበታል። እኛ ልጆቹ ግን ደስ ብሎን ነበር። ድሃ ሰው ከበሮ ከሰማ መቼም ይደሰታል።

ልምምዱ የሚካሄደው ደቻቱ አሸዋ ላይ ነበር። ያን ሁሉ ሰው የሚችል ሌላ ሜዳ የለም፣ ደግሞም ከወንዙ ወዲህና ወዲያ ያለው የከዚራና የመጋላ ሰፈር ሰው እኩል የሚገናኝበት ቦታ ነው አሉ። አሰልጣኛችን ከመሀል አገር የተላከ፣ አቶ መርዕድ የሚባል ሰው ነበር። ክፉ አልነበረም። የኛ አነጋገር ግን ያመው ነበር።

በድሬ አንቱታ የለም። ልጅ አባቱን «አንተ» ይላል፣ ምራት አማቷን «አንቺ» ትላለች፤ ንቀት አይደለም፣ ቅርበት ነው። እሱ ይህን ሊያርም ቆርጦ ተነሳ። ለእንግዳው «እንኳን ደህና መጡ» የሚለውን ለማስጠናት ብቻ ብዙ ቀን ፈጀብን። አንዷ «መጣህ» ትላለች፣ ሌላዋ «መጣችሁ» ትላለች፣ ሦስተኛዋ በሳቅ ትፈርሳለች።

በሳቅ የምትፈርሰው ነጃት ነበረች። ጓደኛዬ ናት፣ ግድግዳችን አንድ ነው። ኦሮምኛ ከአባቷ፣ ሶማልኛ ከእናቷ፣ አማርኛ ከመንገድ የለቀመች፣ በሦስቱም የምትሳደብ ልጅ። አንድ ቀን ለአቶ መርዕድ ውሃ ይዛለት ሄደችና «እንካ ጠጣ፣ ጉሮሮህ ደርቋል» አለችው።

«አንቺ ልጅ፣ እኔ ጓደኛሽ ነኝ?» አላት።

«አቦ፣ ጠላቴ ብትሆን ‹እርስዎ› እልህ ነበር» አለችው።

ሳቀ፣ ውሃውንም ጠጣ። መልኳ ስለሚያምር፣ ዓይኗም የማይፈራ ስለነበር አበባውን ለእንግዳው የምትሰጠው እሷ እንድትሆን መረጣት። ከሁላችንም ፊት፣ ለብቻዋ ትቆማለች።

እናቷ ሻምሲያ ድልድዩ ሥር ባጊያ ትጠብስ ነበር። ልምምድ ስንጨርስ በሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ጠቅልላ፣ በርበሬ ነስንሳበት ትሰጠናለች፤ ያ የባቄላ ሊጥ ከዘይቱ ሲወጣ አፍን ያቃጥላል፣ ግን ማን ይጠብቃል። ሐብሐብ በወጣ ጊዜ በላዩ ሐብሐብ እንበላለን፤ ፍሬውን ለመትፋት እንወዳደራለን። አሁንም ባጊያ ሲሸተኝ ይርበኛል፣ ገዝቼ ግን አልበላም።

አሁን ዋናው ነገር ላይ ደረስኩ። ደቻቱ ዳር አንድ የቆየ ልማድ ነበረን። ወደ ላይ አሸዋ የሚዝቁት ሰዎች ውሃውን ቀድመው ያያሉ። ሲያዩ «መጣ!» ይላሉ። ልብስ አጣቢዎቹ ይቀበሉና «መጣ!» ይላሉ፤ ከዚያ ፍየል ነጋዴዎቹ፣ ከዚያ ድልድይ ሥር ያሉት። አንዱ በኦሮምኛ «ዱፌ» ይላል፣ ያው ነው። ማን እንደመጣ አይባልም፣ ጊዜ የለም። ያቺን ቃል የሰማ ሰው ድስቱን ትቶ ዳር ይወጣል።

አቶ መርዕድ አንድ ቀን ይህን አየ። ትንሽ ጎርፍ ነበረች፤ ድምፁ ከአፍ ወደ አፍ ወረደ፣ ገበያው በዓይን ቅጽበት ባዶ ሆነ። ሰውዬው በአድናቆት ፈዘዘ። እንግዳው ከሐረር በኩል በደንገጎ መንገድ ስለሚወርድ፣ በዚያው ዘዴ መምጣቱ ቢነገረን ከበሮው ሳይዘገይ ይመታል ብሎ አሰበ። ወጣቶችን ከላይ እስከ ታች ደረደረ። «ታዲያ ‹መጣ› አይደለም፣ ‹መጡ› ነው የምትሉት» እያለ አስጠነቀቀ።

ሻምሲያ መጥበሻዋን እንደያዘች ከድልድዩ ሥር ወጥታ አነጋገረችው።

«ይሄ ቃል ተይዟል» አለችው። «ሌላ ፈልግ።»

«ቃል ይያዛል እንዴ እሜቴ?» ብሎ ሳቀ።

ወዲያው ልምምዱ ተጀመረ። መጀመሪያ ላይ በየልምምዱ «መጣ» ሲባል ሴቶቹ እየዘለሉ ይነሱ ነበር። አንዷ ዘይት ደፍታ እግሯ ተቃጠለ። ቀስ በቀስ ለመዱት። ወራት ሲያልፉ ያ ቃል ሲሰማ አንገቱን የሚያዞር ሰው ጠፋ፤ «ደግሞ ጀመራቸው» ብለው ሥራቸውን ይቀጥላሉ። ወጣቶቹም «መጡ» ማለቱ አፋቸው ላይ አልገባ ብሎ፣ እንደለመዱት «መጣ» እያሉ ቀሩ። እኛ ደግሞ ቃሉን ስንሰማ እልል ማለት ተማርን። ዓመት ሙሉ የተማርነው እሱን ነው።

የበዓሉ ቀን ፀሐይዋ ታናውዝ ነበር። ነጭ ቀሚስ አልብሰውናል፤ አሸዋው በጫማችን ውስጥ ይፋጃል። እንግዳው ዘገየ። ባንዲራው ደርቆ ተንጠለጠለ፣ ሹሞቹ በፕሮግራም ወረቀት ያራግባሉ። ነጃት ከፊት አበባዋን ይዛ ቆማ፣ ዞር እያለች በዓይኗ ትጠቅሰናለች። ስለ ደንገጎ ማንም አላሰበም፤ እንግዳው የሚመጣበት ስለሆነ ሁላችንም ወደዚያ እያየን፣ መንገዱን እንጂ ሰማዩን አላየነውም።

ከዚያ ከላይ ድምፁ ተሰማ። «መጣ! መጣ!» ብዙ ድምፅ ነበር፣ ሸካራ።

አቶ መርዕድ ፊቱን አጨማደደ። «‹መጡ› በሉ! ዓመት ሙሉ ያስተማርኩት ይሄንን ነው?» አለና እጁን አነሳ። ከበሮው ተመታ። እኛም እልልታችንን አቀለጥነው።

ነጃት እንደተማረችው አበባውን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ አንገቷን ሰበር አድርጋ ወደ ፊት ተራመደች። ወንዙ ወደሚታጠፍበት። ድምፁ እየበረታ ሄደ፤ አንድ ሰው ነፍሱ እስኪወጣ «መጣ» ይላል። እሱ በጮኸ ቁጥር እኛ እልልታውን ጨመርን።

ቀድሞ የደረሰን ነፋሱ ነው። ቀዝቃዛ፣ እርጥብ አፈር አፈር የሚል። ከዚያ ከመታጠፊያው ቡናማ ግድግዳ ብቅ አለ፤ ግንድ ተሸክሟል፣ የቤት በር ተሸክሟል። ነጃት ቆመች። ፊቷን አላየሁትም፣ ጀርባዋን ነው ያየሁት። አበባውን አልጣለችም።

አንዲት ሐብሐብ ሻጭ ሴት ሹሩባዬን ጨምድዳ ጎትታ ዳር አወጣችኝ። ሻምሲያ ግን ወደ ዳር አልሮጠችም፣ ወደ ልጇ ነው የሮጠችው። ወንዶች ይዘው አስቀሯት።

ነጃትን ከከተማው በታች አሸዋ ላይ አገኟት። ከሷ ሌላ የተወሰዱም ነበሩ። ያ ጎርፍ ሰው ሁሉ ከሚያወራቸው ከትልልቆቹ ውስጥ አይደለም፣ ዛሬ ማንም አያነሳውም። እንግዳው ደንገጎ ላይ ዝናብ በርትቶበት መኪናውን አዙሮ ተመልሷል። በሳምንቱ በዓሉ ከዚራ፣ በዛፎቹ ጥላ ሥር አስፋልት ላይ ተደረገ። እኛንም አሰለፉን። ፊት ሌላ ልጅ ቆመች፣ ሌላ አበባ ይዛ። እንግዳው ሲናገር ዝናብ በረከት ነው፣ ከተማችሁ የተባረከች ናት አለ። ተጨበጨበለት። ሻምሲያ ቤት ያን ቀን ሰው ገና ለቅሶ ምንጣፍ ላይ ነበር።

አቶ መርዕድም ለቅሶ ደረሰ። ጫማውን አውልቆ ገባና ሻምሲያ ፊት ተንበርክኮ፣ ያጠናውን የማጽናኛ ቃል በጥንቃቄ «አላህ ሰብሩን ይስጥዎት» አላት።

«‹አንቺ› በለኝ» አለችው። «ልጄን የወሰድክ ሰው፣ አሁን ባዳ አትሁንብኝ።»

‹አንቺ› ሳይላት ጫማውን በእጁ ይዞ ወጣ። በማግስቱ ከድሬ ሄደ።

እኔ ከዚያ ወዲህ ያቺን ቃል አልናገርም። ባሌ ከሥራ ሲገባ ለልጆቼ «አባታችሁ በር ላይ ነው» እላለሁ። ይስቁብኛል። ለምን እንደሆነ ነግሬያቸው አላውቅም፤ ልጆች ሲጫወቱ ደስ ስለሚለኝ፣ ደቻቱን እንዲፈሩት አልፈለግሁም። ሞኝ ነበርኩ።

ባጃጁ አልንቀሳቀስ ሲል ወርጄ በእግሬ ሮጥኩ። ከድልድዩ ላይ አየኋቸው፤ ነጭ በነጭ ለብሰው፣ ጫማቸውን ዳር ላይ ደርድረው፣ አሸዋው ላይ ቆመዋል። የኔዋ ከፊት ነች። ወረድኩ። ማይክ የያዘች ወጣት አስተባባሪ በትህትና «እናት፣ ልምምድ ላይ ነን፣ ትንሽ ይታገሱን» አለችኝ። እሷም «ይታገሱን»!

ያቺ ቃል ጉሮሮዬ ላይ ነበረች፣ ዋጥኳት። «ውሃ!» አልኩ። «ቢሻን! ቢዮ!» በሦስቱም ቋንቋ፣ ነጃት እንደምትሳደበው ጮኽኩ። ልጆቹ ሳቁ። ድልድይ ሥር ያሉት አሮጊቶች ግን አልሳቁም፣ እቃቸውን ማንሳት ጀመሩ። ልጃገረዶቹ የአሮጊቶቹን ፊት ሲያዩ ሳቁ ቆመ። እኔ ልጄን በክንዷ ይዤ ጎተትኳት። «አዋረድሽኝ እማዬ» እያለች እያለቀሰች ወጣች፤ ሌሎቹም ተከተሉን፣ ማይክ የያዘችውም ሳትቀር።

ዳር ላይ ቆመን ጠበቅን። ፀሐይዋ ታቃጥላለች፣ ምንም የለም። አስተባባሪዋ ሰዓቷን አየች። ልጄ ፊቷን አዞረችብኝ። ከዚያ ነፋሱ ደረሰ፤ ቀዝቃዛው፣ አፈር አፈር የሚለው።

ትልቅ አልነበረም፤ እስከ ወገብ ቢሆን ነው። ምንጣፉን ወሰደ፣ ከበሮውን ወሰደ፣ በሥርዓት የተደረደረውን ጫማ ጥንድ በጥንድ ይዞት ሄደ። ልጆቹ ስልካቸውን ተቀብለው ይቀርፁ ጀመር። አስተባባሪዋ ስልክ ላይ ላለው ሰው፣ ልምምዱ ነገ ከዚራ ይቀጥላል ስትል ሰማኋት። ከተማው ያው ነው። ደጋግሞ ያስተምረናል፣ ራሱ አይማርም።

ልጄ እጄን ያዘችኝ። ለምን ያቺን ቃል እንደማልናገር ዛሬ ነገርኳት፣ ድልድዩ ጠርዝ ላይ ቁጭ ብለን፣ አሸዋውን ከባዶ እግሯ ላይ እየጠረግሁ። እግሯ ደረቅ ነው። እኔና ልጄ ከአሸዋው ወጥተናል። ድነናል።